የሳይኮሎጂ ዲግሪ የሥራ ወሰን ይኑረው፦ ለትምህርት ሚኒስቴር፣ ለጤና ሚኒስቴርና ለፌዴራል ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር
ለጤና ሚኒስቴር
ለፌዴራል ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዙ ወጣቶች የሚሠሩት ሥራ ወሰን፣ የተግባር ልምምድና ፈቃድ እንዲኖረው ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት የሥራ ኃላፊዎች፣

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ፣ ወደፊት መሐንዲስም ይሁን የሒሳብ ባለሙያ፣ በመጀመሪያው ዓመት «ጄኔራል ሳይኮሎጂ» የሚባለውን የጋራ ትምህርት ይወስዳል። ስለ ትውስታ፣ ስለ ተነሣሽነት፣ ስለ ጭንቀትና ሰው እንዴት እንደሚማር ጥቂት ሳያውቅ ማንም ዲግሪ እንዳይዝ የወሰነው መንግሥት ነው፤ ውሳኔውም በእኔ እምነት ትክክል ነበር። ይህንኑ ትምህርት መርጠውም ሆነ ተመድበው ቀሪዎቹን ዓመታት የሚቀጥሉት ተማሪዎች ግን ተመርቀው ሲወጡ ምን ለመሥራት እንደተፈቀደላቸው፣ ከምን እንደተከለከሉ፣ በምን የሙያ ስም እንደሚጠሩና ቢሳሳቱ ማን ፊት ቀርበው እንደሚጠየቁ የሚነግራቸው አካል አላገኙም። ይህን የምጽፈው ሳይኮሎጂ ተምሬ፣ በትምህርት ቤት አማካሪነት፣ ቀጥሎም በአንድ የረድኤት ድርጅት ውስጥ በሥነ ልቦናዊ ድጋፍ ሥራ ቆይቼ፣ አሁን በማስተማር ላይ ያለሁ ሰው በመሆኔ ነው። ለሦስታችሁም በአንድነት መጻፌ ደግሞ ጉዳዩ በአንዳችሁ ብቻ የሚቋጭ ባለመሆኑ ነው።

የሥነ ባህሪ ጥናት በአገራችን ትናንት የመጣ አይደለም። ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1950 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከተጀመረ ወዲህ ሳይኮሎጂ ያደገው በአመዛኙ በመምህራን ትምህርት ጥላ ሥር ነው፤ መምህር የሚሆን ሰው የልጅን ዕድገትና የመማር ሂደት ማወቅ ስላለበት። በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ በሐረማያና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎች ኮሌጆቹ ለዓመታት ትምህርትንና ሥነ ባህሪን አጣምረው ሲጠሩ የኖሩት ከዚሁ ታሪክ የተነሣ ነው። በሌላ በኩል ጅማ በጤናው ዘርፍ ጤናን፣ ባህሪንና ማኅበረሰብን አንድ ላይ የሚያጠና ራሱን የቻለ ዲፓርትመንት አለው፤ ጎንደርም የጤና ትምህርትንና የሥነ ባህሪ ሳይንስን በጤናው ክፍል ያስተምራል። በጤናው በኩል ያለፈው ባለሙያ በጤና ተቋማት ዘንድ የታወቀ ቦታ ሲኖረው፣ በትምህርቱ በኩል ያለፈው ግን መምህርም ያልሆነ፣ የጤና ባለሙያም ያልተባለ ሰው ሆኖ ይወጣል። አስተማሪው መሥሪያ ቤት አንድ፣ ሊቀጥር የሚችለው ሌላ፣ የሥራ መደብ የሚያወጣው ደግሞ ሦስተኛ በመሆኑ፣ ክፍተቱ የማንም ጥፋት ሳይመስል ዓመታት አልፈውበታል።

አንድ የቅርብ ዘመድ የሆነ ሙያ ምን እንደገጠመው እዚህ ላይ ማስታወስ ይጠቅማል። የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1959 ተከፍቶ፣ በደርግ ዘመን ተዘግቶ፣ እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በመካከሉ የሚያስተምርም የሚቆጣጠርም ትውልድ ተቋርጦ ስለነበር እንደገና ሲጀመር ከውጭ መምህራን እየተጋበዙ ነበር የቆመው። ሙያ በደንብ ካልተተከለ በአንድ የአስተዳደር ውሳኔ ሊነቀል እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ተማሪው ወደ ዲፓርትመንታችን እንዴት እንደሚመጣም በግልጽ ልናገር። ከፍሬሽማን ዓመት በኋላ ምርጫው የሚወሰነው በነጥብ ነው፤ ሕግና አካውንቲንግን የመሳሰሉት ቀድመው ይሞላሉ፣ ሳይኮሎጂ ለብዙው ተማሪ ወደ መጨረሻው ከተጻፉት ምርጫዎች አንዱ ይሆናል። በትምህርቱ መጀመሪያ ላይ ለምን እዚህ እንደተገኙ ስጠይቃቸው ገሚሱ «ደርሶኝ ነው» ይለኛል፤ ገሚሱ ደግሞ የሰውን ሐሳብ ማወቅ እንደሚፈልግ፣ ሰዎችንም «ማከም» እንደሚመኝ ይነግረኛል። የመጀመሪያው ስለ ሙያው ምንም አልሰማም፤ ሁለተኛው የሰማው ከማኅበራዊ ሚዲያ ነው። ሁለተኛው እንዲያውም የበለጠ ያሳስበኛል፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ማከም እንደማይችል የሚረዳው ብዙ ጊዜ ከተመረቀ በኋላ ነውና። የሥነ አእምሮ ሐኪም ለመሆን መጀመሪያ የሕክምና ዶክተር መሆን፣ ከዚያም በልዩ ሙያ መሠልጠን ይጠይቃል፤ ይህ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በመላ አገሪቱ የነበሩት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የክሊኒካል ሳይኮሎጂስትነት ሥራ ደግሞ በብዙ አገሮች ከማስተርስ ዲግሪና ከረዥም ክትትል ያለው ልምምድ በታች አይሰጥም። እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች የያዘ አንድ ገጽ ጽሑፍ የዲፓርትመንት ምርጫ ከመሞላቱ በፊት ለተማሪዎች ቢታደል ወጪው የወረቀቱ ብቻ ነው፤ እስካሁን ግን ሲታደል አላየሁም።

ተመራቂው ሥራ ሲፈልግ የሚያገኘው ማስታወቂያ በአብዛኛው «በሳይኮሎጂ፣ በሶሲዮሎጂ፣ በሶሻል ወርክ ወይም በተዛማጅ ሙያ» የሚል ነው። ከጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት በፊትም በኋላም በትግራይ፣ በአማራና በአፋር የተፈናቀሉና ጥቃት የደረሰባቸው ሰዎች ድጋፍ ሲያስፈልጋቸው፣ የረድኤት ድርጅቶች ከዚህ ትምህርት የወጡ ወጣቶችን በብዛት ቀጥረዋል፤ በስደተኛ መጠለያዎችና ከአረብ አገር በሚመለሱ ወገኖች መቀበያም እንዲሁ። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ከአውሮፕላን ከወረዱት መካከል ሕመማቸው ከአእምሮና ከመንፈስ ስብራት የመነጨ ጥቂት አልነበሩም። ሥራው ከባድና አስፈላጊ ነው። ነገር ግን የሚቆየው የፕሮጀክቱ ገንዘብ እስኪያልቅ ነው፤ ወጣቱ በሦስት ቀን ሥልጠና ወደ መጠለያ ይላካል፤ የሰማውን የሚያካፍለው ከእሱ በላይ የሠለጠነ ሰው በአቅራቢያው አይኖርም፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋም ልምዱን ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ይዞ የሚገባበት የሥራ መደብ አያገኝም። በዚህ መንገድ ያለፉ፣ አሁን በባንክ መስኮት ወይም በአንድ ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል ፋይል በማደራጀት ላይ ያሉ የቀድሞ ተማሪዎቼን በየከተማው አገኛለሁ። ባንክ መሥራት ነውር ነው አልልም። የጦርነት ጉዳተኛን ማዳመጥ በሥራ ላይ የተማረን ሰው አገር እንዲህ በቀላሉ መልቀቋ ግን ያስቆጫል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልግባ። የጤና ባለሙያዎች የሙያ ፈቃድ ምዘና ለሕክምና፣ ለነርሲንግና ለመሳሰሉት ሙያዎች በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ከትምህርት ኮሌጅ የሚወጣው የሳይኮሎጂ ምሩቅ የዚያ ሥርዓት አካል አልነበረም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም የሚለካው ዕውቀትን ነው፤ በኮምፒውተር የሚመለስ የምርጫ ጥያቄ አንድ ወጣት የምታለቅስን ሴት ሳያቋርጥ ማዳመጥ ይችል እንደሆነ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲነገረው ምን እንደሚጠይቅና ወዴት እንደሚልክ፣ የሰማውን ምሥጢር ለጎረቤት ከመናገር መቆጠብ ይችል እንደሆነ ሊነግረን አይችልም። በዚህ ሁኔታ ሁለት ጉዳቶች ጎን ለጎን ይደርሳሉ። በአንድ በኩል ሥራውን በአግባቡ መሥራት የሚችለው ምሩቅ «ፈቃድህ የታለ?» ሲባል መልስ ያጣል። በሌላ በኩል ዲግሪ ያለውም የሌለውም ሰው በማኅበራዊ ሚዲያ «የሥነ ልቦና አማካሪ» ብሎ ራሱን ሰይሞ ገንዘብ ይቀበላል፤ ተጎጂዋ የምትከስሰው በየትኛው የሙያ ሕግ ተጥሷል ብላ ነው? የአንድ ነርስ ጥፋት የሚታይበት የሥነ ምግባር ኮሚቴ አለ፤ የአማካሪ ጥፋት ግን ወይ ወንጀል ሆኖ ፖሊስ ዘንድ ይደርሳል፣ ወይ ተድበስብሶ ይቀራል።

ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ይህን ጥያቄ በሕግ መልሰውታል። ጋና እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው የጤና ሙያዎች ተቆጣጣሪ አካላት ሕግ ውስጥ የሳይኮሎጂ ምክር ቤት አቋቁማለች፤ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ አማካሪዎችና ሳይኮሎጂስቶች የሚደነግግ ራሱን የቻለ ሕግ አወጣች። ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመን ግን የደቡብ አፍሪካ አሠራር ይመስለኛል። እዚያ «ሳይኮሎጂስት» መባል የማስተርስ ዲግሪ፣ የአንድ ዓመት የተግባር ሥልጠናና የቦርድ ፈተና ይጠይቃል፤ ከዚያ በታች ደግሞ «የተመዘገበ አማካሪ» የሚባል ደረጃ አለ፤ ይህን ደረጃ የአራት ዓመት የሙያ ዲግሪ የያዘ፣ 720 ሰዓት ክትትል ያለው የተግባር ልምምድ ያደረገና ፈተናውን ያለፈ ሰው ያገኘዋል። የተመዘገበ አማካሪ ከባድ የአእምሮ ሕመም አይመረምርም፣ አያክምም፤ የመጀመሪያ ድጋፍ ይሰጣል፣ ይለያል፣ ያስተምራል፣ ወደሚመለከተው ይልካል። የእኛም ዲግሪ አሁን አራት ዓመት ነው። 720 ሰዓት በሳምንት 40 ሰዓት ቢታሰብ 18 ሳምንት፣ ማለትም ከአንድ ሴሚስተር ብዙም ያልበለጠ ጊዜ ነው። እንግዲህ የጎደለን ዓመት አይደለም፤ የጎደለን በዚያ ሴሚስተር ተማሪው የት እንደሚውልና ማን እንደሚከታተለው የሚወስን ደንብ ነው።

በሥርዓተ ትምህርታችን ውስጥ ፕራክቲከም የሚባል የተግባር ልምምድ የለም ለማለት አይደለም። አለ፤ ግን የሚሆነውን ላስረዳ። ተማሪው ደብዳቤ ይዞ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ወይም ሆስፒታል ይላካል። በሆስፒታል «ይህ ለእኛ አይደለም፣ የጤና ተማሪ አይደለህም» ሊባል ይችላል። በትምህርት ቤት በደስታ ይቀበሉታል፤ ከዚያ በኋላ ፈተና ያስፈትናል፣ አርፋጅ ይመዘግባል፣ የቀሪ መምህርን ክፍል ይጠብቃል። መጨረሻ ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ ይመለሳል፤ እኔም ነጥብ እሰጠዋለሁ። አስተናጋጁን ተቋም አልወቅስም፤ ተማሪውን ተቀብሎ የሚያሠለጥን ባለሙያ በሠራተኛ መዋቅሩ ውስጥ ከሌለ ከየት ያመጣል? ልምምዱ ደካማ የሆነው መደቡ ስለሌለ ነው፤ መደቡ የማይከፈተው ደግሞ ምሩቁ ልምምድ የለውም እየተባለ ነው። ይህን ዙሪያ ጥምጥም ማንም ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ሊቆርጠው አይችልም።

ትምህርት ሚኒስቴርን በተለይ የምማጸነው ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ፣ ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። በፈተናው አሰጣጥ ላይ የተወሰደውን ጥብቅ እርምጃ እደግፋለሁ፤ ሲሰረቅ የኖረ ፈተና ማንንም አይጠቅምም። ነገር ግን በዚያ ሳምንት ከስምንት መቶ ሺህ በላይ በሚሆን ቤተሰብ ውስጥ ምን እንደሆነ አስቡት። ልጁ «አልተሳካልኝም» ብሎ ከቤት የማይወጣበት፣ አባት የሚያኮርፍበት፣ ልጅቷ በደላላ አማካይነት ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ሪያድ ለመሄድ የምትወስንበት ወቅት ነበር። አማካሪ የሚያስፈልገው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው፤ ከዚያም በፊት፣ ተማሪው ዘጠነኛ ክፍል ሳለ፣ ዝንባሌውን አይቶ፣ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና የወደቁ ልጆች መጣያ እንዳልሆነ ለወላጁ ለማስረዳት ያስፈልጋል። አማካሪ ያላቸው ትምህርት ቤቶች አሉ፤ አማካሪው ግን በብዙዎቹ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጸሐፊ፣ የክበባት ተጠሪና የርእሰ መምህሩ ሦስተኛ እጅ ነው። ተማሪ ሊቀጣው ለተሰየመ ሰው ምሥጢሩን አይነግርም። ስለዚህ የአማካሪው የሥራ ዝርዝር ሲጻፍ ከቅጣት ሥራ ነጻ እንዲሆን፣ በር የሚዘጋ ክፍል እንዲኖረውና የሚሠራውም ሥራ በተማሪ ቁጥር ልክ እንዲመጠን እጠይቃለሁ። የመጨረሻው ገንዘብ ይጠይቃል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ሰርኩላርና ቁልፍ እንጂ ሌላ አይጠይቁም።

ሥራው በደንብ ሲወሰን ምን እንደሚመስል በአገራችን የሚያሳይ ምሳሌ አለ። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች በተቋቋሙት ለሕፃናት ምቹ ችሎቶች፣ የጥቃት ሰለባ የሆነ ሕፃን ተከሳሹን ሳያይ በተለየ ክፍል ይቀመጣል፤ የዳኛውና የጠበቃው ጥያቄ የሠለጠነ ባለሙያ ዘንድ ይደርስና ባለሙያው በልጁ ዕድሜ ልክ አድርጎ ይጠይቀዋል፤ ችሎቱ ደግሞ በካሜራ ይከታተላል። እዚያ የተቀመጠው ሰው ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ ያውቃል፤ ልጁን አይመራም፣ አያባብልም፣ የራሱን ጥያቄ አይጨምርም። ሥልጣኑ ጠባብ ስለሆነ ብቃቱ ይታያል። ማረሚያ ቤቶች፣ የወጣት አጥፊዎች ተሃድሶ፣ የቤተሰብ ችሎቶች፣ የኦቲዝምና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች የሚማሩባቸው ማዕከላት እንዲህ ያለ የተወሰነ ሥራ ሊጻፍባቸው የሚችሉ ቦታዎች ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲመሠርቱ መንገዱን ያሳየው የአንዲት እናት ጥረት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚህ ያለውን ሥራ በመደብና በደመወዝ ማጽናት የመንግሥት ድርሻ መሆን ነበረበት።

ለጤና ሚኒስቴር የምለው አጭር ነው፤ የምለውን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁና። ከ2005 ዓ.ም. የብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ጀምሮ አቅጣጫው አገልግሎቱን ከአማኑኤል ሆስፒታል ግቢ አውጥቶ በየጤና ጣቢያው ማድረስ ነው። በጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚያዝ የሠለጠነ ነርስ ወይም የጤና መኮንን ማግኘት ተጀምሯል። ታካሚውን በተከታታይ የሚያነጋግር፣ ቤተሰቡን የሚያስተምር፣ ከጸበል የተመለሰውን ሰው ሳያሸማቅቅ ተቀብሎ መድኃኒቱን ከጸበሉ ጋር እንዲቀጥል የሚያግባባ ሰው ግን የለም። ነርሷ በቀን የምታያቸው ሰዎች ብዛት ይህን አይፈቅድላትም። የተመዘገበ አማካሪ የሚባለው ደረጃ ቢፈጠር ቦታው ከእሷ ጎን፣ በእሷም የበላይ ክትትል ሥር ቢሆን እንኳ ቅሬታ የለኝም። የሥነ አእምሮ ሐኪሞች «ያልሠለጠኑ ሰዎች ሕሙማንን ይጎዱብናል» ብለው ቢሰጉ ስጋታቸው ትክክል ነው፤ ያ ስጋት የሚወገደው ግን ወሰን በማበጀት ነው እንጂ በሩን በመዝጋት አይደለም፤ በሩ ተዘግቶም ሰዎች በመስኮት እየገቡ መሆኑን ከላይ ተናግሬአለሁ።

እስካሁን ስለ ምክር አገልግሎት ብቻ ማውራቴ ሙያውን ያጠበብኩት እንዳይመስል፣ ለተማሪዎችም ለናንተም መናገር የምፈልገው ሌላ ነገር አለ። በዚህ ዲግሪ ውስጥ በገበያ ላይ ይበልጥ የሚፈለገው ክፍል ተማሪዎቻችን በጣም የሚሸሹት ነው፤ ስታቲስቲክስ፣ የምርምር ዘዴና የሥነ ልቦና ልኬት። «ሰውን ልረዳ ነው የመጣሁት፣ ሒሳብ ምን ያደርግልኛል?» የሚለኝ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። መልሴ ይህ ነው። የድብርትን መጠን ለመለካት በዓለም የሚሠራበት ባለ 9 ጥያቄ ቅጽ በአማርኛ ተተርጉሞ በአዲስ አበባ ታካሚዎች ላይ ተፈትሿል፤ በቡታጅራና በአካባቢው ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲካሄድ በቆየው የአእምሮ ጤና ምርምር እንዲህ ያሉ መጠይቆች ለገጠሩ ሰው ይገቡ እንደሆነ በጥንቃቄ ተጠንቷል። አንድ ጥያቄ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ወደ አፋን ኦሮሞ ወይም ወደ ሶማሊኛ ሲሄድ ትርጉሙ ይቀየር እንደሆነ፣ ሁለት ጠያቂዎች አንድ ዓይነት መልስ ያገኙ እንደሆነ፣ ቁጥሩ በእርግጥ ሕመሙን ይለካ እንደሆነ የሚመረምር ሰው ያስፈልጋል። ይህን የሚችል ምሩቅ በምርምር ተቋማት ሥራ አያጣም። የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎትም ቢሆን ይህን ሰው ይፈልጋል፤ የ4ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የመማር ውጤት ብሔራዊ ጥናት ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በየጊዜው ሲደረግ የኖረ ሲሆን፣ ጥያቄው ለአዲስ አበባው ልጅና ለአፋሩ ልጅ እኩል ከባድ መሆኑን ማረጋገጥ የልኬት ሙያ ነው። ስለዚህ አዲስ ደንብ ሲወጣ ምሩቁን ሁሉ ወደ ምክር ክፍል እንዳትገፉት እለምናለሁ፤ በሦስተኛው ዓመት ላይ መንገዱ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ወደ አማካሪነት፣ ሌላው ወደ ልኬትና ምርምር ቢያመራ ለሁሉም ይሻላል። ሒሳብ የሚጠላውም ቢሆን መሠረቱን ሳይይዝ ሊያልፍ አይገባውም፤ መጠይቅ አንብቦ ውጤቱን መረዳት የማይችል አማካሪ የሚሠራው በግምት ነው።

ሌላም መስክ አለ፤ ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽንን በቀጥታ የሚመለከት። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2010 በካቢኔ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የሥነ ባህሪ ባለሙያዎች ቡድን አቋቁሞ፣ ለግብር ከፋዮች የሚላከውን የማስታወሻ ደብዳቤ ቃላት እየለዋወጠ የትኛው ሰውን በጊዜው እንደሚያስከፍል በሙከራ አረጋግጧል። ወደ አገራችን ስንመጣም፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባይባልለትም ትልቅ የባህሪ ለውጥ ሥራ ነው፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ቤት ለቤት ሄደው መጸዳጃ ቤት እንዲቆፈር፣ አጎበር እንዲዘረጋ፣ እናት በጤና ተቋም እንድትወልድ አድርገዋል፤ የጎረቤት ምሳሌ እንዲሆኑ «ሞዴል ቤተሰብ» መሰየሙም ሰው የሚለወጠው ከመመሪያ ይልቅ በሚያየው ሰው መሆኑን የተረዳ አሠራር ነበር። በገጠር ኢትዮጵያ የተካሄደ አንድ ጥናትም፣ የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም ልማት ሪፖርቱ እንደጠቀሰው፣ እንደ ራሳቸው ያሉ ገበሬዎች በጥረት ኑሯቸውን ሲያሻሽሉ የሚያሳይ አጭር ዘጋቢ ፊልም የተመለከቱ ቤተሰቦች ከስድስት ወር በኋላ ቁጠባቸውና ለልጆች ትምህርት የሰጡት ትኩረት ጨምሮ እንደተገኘ አሳይቷል። እንዲህ ያለውን ሙከራ የሚቀርጽና ውጤቱን የሚለካ ባለሙያ በገቢዎች፣ በትራፊክ ደኅንነት፣ በውኃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤቶች ለምን መደብ አይኖረውም? በሥራ ምዘናና ደረጃ አወሳሰን ወቅት፣ በተለምዶ ጄኢጂ በምንለው ጊዜ፣ ብዙ መደቦች ተፈላጊ ችሎታቸው እንደገና ተጽፏል፤ ሳይኮሎጂ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የሚታየው «ተዛማጅ» በሚለው ቃል ውስጥ ተሸሽጎ ነው። ተዛማጅነቱን የሚወስነው ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ የሰው ሀብት ሠራተኛ ነው፤ በአንዱ ከተማ የተቀበሉትን ዲግሪ በሌላው ከተማ ይመልሱታል።

የበጀት ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ሁሉም መደብ በአንድ ዓመት ይከፈት አላልኩም። የምጠይቀው መጀመሪያ ሦስታችሁ መሥሪያ ቤቶች የኢትዮጵያ ሳይኮሎጂስቶች ማኅበርንና ዩኒቨርሲቲዎችን ጨምራችሁ በአንድ ጠረጴዛ እንድትቀመጡ፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው የሚሠራውንና የማይሠራውን በጽሑፍ እንድታስቀምጡ፤ መዝገቡን የሚይዝና ጥፋት ሲፈጸም የሚመረምር አካል እንድትሰይሙ፤ የመጨረሻውን ዓመት አንድ ሴሚስተር ለተግባር ልምምድ እንድትለዩ፤ ለተቀባይ ተቋማትም የክትትል ኃላፊነት እንድትሰጡ ነው። የማስተርስ ባለሙያዎቻችን ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ክትትሉ መጀመሪያ በጥቂት ከተሞች ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ጅማ፣ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ለመነሻ በቂ ናቸው። ይህ እስኪሆን ድረስ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች የሳይኮሎጂ ዲፓርትመንት መክፈታቸውን፣ ያሉትም የቅበላ ቁጥራቸውን መጨመራቸውን እንዲያቆዩ ብትወስኑ አልከፋም፤ የምናስተምር ሰዎች እንደዚህ ዓይነት ሐሳብ ስናቀርብ የራሳችንን እንጀራ እየነካን መሆኑንም እናውቃለን።

ሥራው ሲጀመር የትምህርት ዓይነቶቹን ዝርዝር፣ የልምምድ መከታተያ ቅጽና የሥነ ምግባር መመሪያ ረቂቅ በማዘጋጀት ለመተባበር ፈቃደኛ ነኝ፤ የማውቃቸው የሙያ ባልደረቦቼም እንዲሁ። ምላሻችሁን የዲፓርትመንት ምርጫ ወቅት ከመድረሱ በፊት ብናገኝ፣ ዘንድሮ ፍሬሽማን ያሉት ተማሪዎች ምርጫቸውን የሚሞሉት አውቀው ይሆናል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የሳይኮሎጂ መምህር